ባሌስትራው ደከመ? ስለ አሮጌ ማደሪያ መኪና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ አሮጌ አይሱዙ ቅጥቅጥ አለኝ። ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል አስገብቼበታለሁ። ከደሴ ተነስቼ ሐይቅ ዳር አድርበታለሁ፤ ሲመቸኝ ላሊበላ ድረስ እወጣበታለሁ። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ አልጋው ይጠይቀኛል። መኪና የሚያውቅ ከሆነ ግን ጎንበስ ብሎ ከስር ያይና «ባሌስትራውስ ቻለው?» ይላል። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ባሌስትራ በሻንሲው (በመኪናው አጽም) እና ጎማዎቹን በሚይዘው አክስል መሃል ሆኖ መኪናውን የሚሸከመው ንብርብር ብረት ነው። ንብርብር ብረቶቹን እያንዳንዳቸውን «ቅጠል» እላቸዋለሁ፤ እንዳንምታታ ብዬ ነው።

ባሌስትራው መድከሙን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ሜትር አውጡ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ግቢ ይሻላል። የአራቱም ጎማ ንፋስ ልክ መሆኑን እዩ። ከዚያ ከጎማው እምብርት እስከ ላይኛው የቦዲ ጠርዝ ለኩ። ግራውን ከቀኝ አወዳድሩና ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ ስትለኩ ያ ወረቀት ከማንም ሜካኒክ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ነገር ቅርጹ ነው። ከአንዱ ጫፍ ቀለበት እስከ ሌላው ክር ወጥሩ። ከክሩ እስከ ባሌስትራው መሃል ያለው ክፍተት ጉብጠቱ ነው። ጭነት ተሸክሞ ቀጥ ማለቱ የግድ ችግር አይደለም፤ ብዙ ባሌስትራ ሲሞላ ቀጥ እንዲል ነው የሚሠራው። ወደ ሌላው ጎን ከተቀለበሰ ግን ደክሟል።

ሦስተኛው ከስር ገብቶ ማየት ነው። መጀመሪያ በውሃና በብረት ብሩሽ እጠቡት። ጭቃ የለበሰ ባሌስትራ ስንጥቁን አያሳይም። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቀጭን የዛገ መስመር መስሎ ይታያል። የሚወደው ቦታም ይታወቃል፦ የመሃል ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አካባቢ፣ አጭሩ ቅጠል አልቆ ረጅሙን የሚነካበት ቦታ፣ እና የጫፉ ቀለበት። ከሻንሲው ስር ያለችውን ማቆሚያ ጎማም ተመልከቱ። በየጉድጓዱ እየተመታች ከሆነ ታብረቀርቃለች፣ ወይም ተቀዳዳለች።

ነድታችሁም ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሀረጎን ስትወርዱ፣ በየጥምዝምዙ መኪናው ተኝቶ ለመነሳት ጊዜ የሚወስድ ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

መኪናዬ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ባሌስትራ ልቀይር?

ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ በዚያ ጎን ምን እንዳስቀመጣችሁ ቁጠሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ሁለት መቶ ኪሎ ነው፤ ሦስት ሰው በአንድ ጎን ተደርድሮ እንደ መቀመጥ ማለት ነው፤ ያውም አንድ ቀን እንኳ ሳይወርዱ።

እኔ ራሴ በዚህ ተሞኝቻለሁ። በርሜሉ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ባትሪዎቹም በዚያው በኩል፣ ምድጃውና ሲሊንደሩም በዚያው በኩል። ለምን? ለቧንቧውና ለሽቦው ስለቀለለ። የግራው ባሌስትራ ሞተ ብዬ ልቀይር ስል አንድ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሽማግሌ ሹፌር «ልጄ፣ በርሜሉን አፍስሰህ ለካው?» አሉኝ። አፈሰስኩት። መኪናው ቀና አለ። በርሜሉን ወደ መሃል፣ ወደ ኋላ አክስል ፊት አዛወርኩት፤ አለቀ።

ባዶ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም አውርዳችሁ እንኳ ልዩነቱ ካልጠፋ ያኔ ወደ ባሌስትራው ሂዱ። የቀለበቱ ጎማ ማለቅም፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያያይዘው የኋላው ማንጠልጠያ መላላትም መኪናውን ያዘነብለዋል። እነዚህ ከባሌስትራው ይረክሳሉ።

የጭነት አይሱዙ ከእኔ በላይ ይጭናል፤ የእኔ ለምን ቶሎ ደከመ?

የጭነቱ መኪና ስለሚራገፍ። ኮምቦልቻ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል፣ ባሌስትራውም ይተነፍሳል። ማደሪያ መኪና ግን ቤት ነው። አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ውሃው፣ ምንጣፉ ሁልጊዜ ከላዩ ላይ ነው። ግቢ ቆሞ ወራት ሲያሳልፍ እንኳ ተሸክሞ ነው የሚቆመው። ብረት ዘወትር ታጥፎ ሲኖር፣ በዚያ ላይ በየጉድጓዱ ሲመታ፣ ቀስ በቀስ ጉብጠቱን ያጣል። አሮጌ ማደሪያ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለክብደቱ ወሰን ቅርብ ሆኖ መወለዱም አለ። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የባሌስትራ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የክብደት ጥያቄ ነው። የመኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ካገኛችሁ አስመዝኑት። የፊቱን ብቻ፣ ከዚያ የኋላውን ብቻ። በመኪናው መለያ ሳህን ላይ ካለው ልክ ጋር አስተያዩት።

ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ውሃውን አፍስሱ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

አንድ ቅጠል ልጨምርበት? ሁሉም ሰው «ጨምርበት» ይለኛል።

ወሎ ውስጥ፣ ምናልባትም ሀገሩ ሁሉ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ይሄ ነው። ቅጠል ጨምር። እኔ አልወደውም፤ ግን አንዳንዴ ይሠራል፤ መቼ እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ነባሩ ባሌስትራ ጤነኛ ከሆነ፣ ስንጥቅ ከሌለው፣ ጉብጠቱም ካለ፣ ግን ዘላቂ ተጨማሪ ጭነት ካስገባችሁ፣ አንድ ቅጠል መጨመር ትርጉም አለው። ነባሩ የደከመ ከሆነ ግን ለታመመ ሰው ሸክም ተሸካሚ ጓደኛ እንደማቆም ነው። ዋናው ረጅም ቅጠል ያው የደከመው ነው፤ ቀለበቱ ያለው እሱ ላይ ነው፤ አክስሉን የሚይዘውም እሱ ነው። ሲሰበርም የሚሰበረው እሱ ነው።

ሌላው ውፍረት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። የቅጠል ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ በኪዩብ ነው የሚያድገው። በስምንት ሚሊ ቅጠል ቦታ አሥር ሚሊ ብታስገቡ «ሁለት ሚሊ ብቻ ናት» ትላላችሁ። ያ አንድ ቅጠል ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል ግትርነቱ። ከዚያ መኪናው እንደ ጋሪ ይመታል፤ ቁምሳጥኑ ይፈታል፤ ብርጭቆ አይተርፍም። ንዝረቱም ወደ ሻንሲው ይሄድና ማያያዣዎቹ ይሰነጠቃሉ። እናም ከነባሩ ጋር በውፍረት የሚመሳሰል፣ ጉብጠቱም የሚገጥም ይሁን።

ሦስተኛው ደግሞ ፍሬን ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች የኋላ አክስል ላይ ከሻንሲው ጋር የተያያዘች ዘንግ አለች። መኪናው ሲጫን ወደ ታች መውረዱን እያየች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ታስተካክላለች። ኋላውን በቅጠል ከፍ ስታደርጉት እሷ «ባዶ ነው» ብላ ታስባለች፤ ተጭናችሁ ሳለ የኋላ ፍሬኑ ይቀንሳል። ዳገት ቁልቁለት ባለበት ሀገር ይህ ቀልድ አይደለም። ከፍታ ከተቀየረ ያቺ ዘንግ ትስተካከል።

ደግሞም ቅጠል መጨመር መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለትን ክብደት አያሳድገውም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ አክስሉ ያው ነባሮቹ ናቸው።

አንጥረኛ ጋ ወስጄ በእሳት ቢቃናስ?

የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ተሞቆ ነው ያ የመለመጥና የመመለስ ጠባይ የሚመጣለት። አንጥረኞቻችን ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሲያገኙ የማይለቁት፤ ቢላው፣ ማጭዱ፣ ማረሻው ከእሱ ሲሠራ ስለቱን ይይዛል።

ቢላ ሌላ፣ ባሌስትራ ሌላ። ቅጠሉን በፍም አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ አየር ላይ ማቀዝቀዝ ጉብጠቱን ይመልስለታል፤ ጠባዩን ግን ያጠፋበታል። መኪናው ላይ ሲገጠም ያምራል። ሁለት ወር ቆይቶ ተመልሶ ይተኛል። ውሃ ውስጥ ድንገት ከተነከረ ደግሞ ይባስ፤ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

በትክክል የሚሠራው ቦታ ምድጃ ያለው፣ ሙቀቱን የሚለካ፣ በዘይት የሚያቀዘቅዝና መልሶ የሚያሞቅ ነው። እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ሳያግሉ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ማጉበጥም አለ። እሱ ከእሳቱ ይሻላል፤ ብረቱ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ጊዜ ይገዛላችኋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው።

የተሰበረ ቅጠል በብየዳ ይያዛል?

አይያዝም። ብየዳው ራሱ ላይሰበር ይችላል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ግን ደርቆ ይቀራል፣ እዚያው ይሰበራል። አንድ ጋራዥ ዋናውን ቅጠል በይዶ «እንደ አዲስ ሆኗል» ብሎ ሸኘኝ። የጋራዡን ስም አላነሳም። ከወልድያ ወጥቼ የድልብን ዳገት አጋምሼ ነው ጓ! ያለው። ያን ቀን አልጋ መኖሩ ጠቀመኝ፤ እዚያው አደርኩ።

ባሌስትራው መኪናው ላይ እያለ አጠገቡ ሌላ ነገር ሲበየድም ተጠንቀቁ። የብየዳ ፍንጣሪ ያረፈባት ነጥብ የነገ ስንጥቅ መነሻ ናት። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በቆርቆሮ ይሸፈን።

አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን አይመከርም። አዲሱ ከፍ፣ አሮጌው ዝቅ ብሎ መኪናው ያዘነብላል፤ ፍሬን ስትይዙም ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አብረው ይቀየሩ። ገንዘብ ካነሰ አንድ አጭር ቅጠል ብቻ ተሰብሮ ከሆነ እሱን በተመሳሳይ ቅጠል መተካት እሺ ነው። ዋናው ከሆነ ግን ሁለቱም ጎን።

መለዋወጫ ስገዛ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የቦዲውን ስም አትጥሩ። ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ማደሪያ መኪና ከሆነ ውጪው ላይ የተጻፈው ስም አልጋውን የሠራው ነው። ባሌስትራው የሻንሲው ነው፤ ፊያት ዱካቶ፣ ፎርድ ትራንዚት ወይም መርሴዲስ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ባሌስትራ እንዳለው ራሱ አረጋግጡ። ይህ የሚያስቅ ይመስላል። አባዱላ ባሌስትራ ያለው ኋላ ብቻ ነው። አይሱዙ ኤንፒአር ፊትም ኋላም አለው። የሰባዎቹ ተከታታይ ላንድክሩዘር እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ፊቱም ባሌስትራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ ሞላ (ጥቅልል ብረት) ሆኗል። የድሮው ፎልክስዋገን ኮምቢ ደግሞ ጨርሶ ባሌስትራ የለውም።

ከዚያ ለኩ፦ የቅጠሉ ብዛት፣ ስፋት፣ የእያንዳንዱ ውፍረት፣ ከቀለበት እስከ ቀለበት ያለው ርዝመት፣ የቀለበቱ ቀዳዳ ስፋት። አንድ የሚረሳ ልኬት አለ፤ የመሃል ብሎኑ ከፊተኛው ቀለበት ያለው ርቀት። «የመሃል» ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አይደለም። ፊቱና ኋላው ተገልብጦ ከተገጠመ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል። ከማውለቃችሁ በፊት «ፊት» ብላችሁ በቀለም ጻፉበት።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ሰኞ ገበያ አካባቢም፣ ኮምቦልቻም ይገኛል። ግን ፈትታችሁ እዩት። ከላይ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ በቅጠሎቹ መሃል ዝገት የጠገበ ባሌስትራ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ነው የመጣው። እዚያ ቀስት መወርወሪያን ነው የሚለው። ዳዶውም፣ ግራሶውም፣ ክሪኩም ከዚያው የመጡ ናቸው።

ባሌስትራው ጋራዥ ውስጥ ሲቀየር ምን ልከታተል?

ከዋዜማው ይጀመራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን የዩ ቦልት (የ«U» ቅርጽ ያለው ብሎን) ዳዶዎች በብረት ብሩሽ ጥረጉና ናፍታ ወይም የዝገት መፍቻ ዘይት ቀቡ፤ ይደርበት። ጠዋት በቀላሉ ይላቀቃል። ካልተላቀቀ በግራይንደር መቁረጥ ነው። እሳት የሚነካው ከሆነ የጋዝ ሲሊንደሩን መጀመሪያ አውርዱ። ቅጥቅጥ የነበረው መኪና አሁን ወጥ ቤት አለው፤ ሜካኒኩ ይህን ላያስብ ይችላል። የጋዝ ቱቦና የነዳጅ መስመር በየት እንደሚያልፍ አሳዩት። ብየዳ ካለ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ።

ክሪክ ብቻ አምኖ ማንም ከስር አይግባ። መኪናው ሻንሲው ላይ በጠንካራ ድጋፍ ይቁም፣ ያልተነሱት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ይደረግላቸው። ክሪኩ አክስሉን ይዞ ይቆያል እንጂ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም። የመሃል ብሎኑን መፍታት ካለባችሁ ንብርብሩ አስቀድሞ በሞርሳ ወይም በጠንካራ ክላምፕ ይታሰር። ያለዚያ ቅጠሎቹ ተፈናጥረው እጅ ወይም ፊት ይመታሉ።

አሮጌ ዩ ቦልት ተመልሶ አይገጠም። አንዴ ጠብቆ ተለጥጧል፤ ጥርሱም አልቋል። ዋጋው ከባሌስትራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ በእሱ አትቆጥቡ። የመሃል ብሎኑ ራስ በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። ዩ ቦልቱ በአንዴ ከአንድ ወገን ሳይሆን በመስቀል፣ ቀስ በቀስ ይጠበቅ፤ ለሞዴሉ የተጻፈው ልክ ካለ በእሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው። በቀለበቱ ውስጥ የጎማ ቡሺንግ ካለ የቀለበቱ ብሎን መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት ጎማው በተሳሳተ ቦታ ይያዛል፤ ሲያርፍ ይጠመዘዛል፤ በአጭር ጊዜም ይበጣጠሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእናንተ ሥራ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ዩ ቦልቱን እንደገና አስጠብቁ፣ ከአምስት መቶ እስከ ሺህ ባለው ውስጥ አንዴ ድገሙት። ከደሴ ወልድያ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኔ እዚያ ስደርስ ቡና ከመጠጣቴ በፊት አስጠብቃለሁ። ዩ ቦልት ሲላላ የመሃል ብሎኑ ብቻውን አክስሉን ይይዛል። እሱ ሲቆረጥ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ መሄድ ይጀምራል።

መንገድ ላይ ቢሰበርብኝስ?

የቱ እንደተሰበረ እዩ። ከአጭሮቹ አንዱ ከሆነ ጭነት አቅልላችሁ፣ ውሃውን አፍስሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ቀጣዩ ከተማ መድረስ ይቻላል። የተሰበረው ቁራጭ ተንሸራቶ ጎማ እንዳይነካ በሽቦ ይታሰር። ብዙ ሹፌሮች በአክስሉና በሻንሲው መሃል ጠንካራ እንጨት ያስገባሉ፤ በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልለው በሰንሰለት ያስሩታል። ይሠራል። እንጨቱ ግን እንደ ባሌስትራ አይለመጥም፣ ጉድጓዱ በሙሉ ሻንሲው ላይ ነው የሚያርፈው። ሃያ፣ ሠላሳ በሰዓት ካለፋችሁ እየጎዳችሁት ነው።

ዋናው ቅጠል ከአክስሉ ፊት ለፊት፣ ማለትም በቋሚው ቀለበትና በአክስሉ መሃል ከተሰበረ አትንቀሳቀሱ። በአብዛኛው መኪና አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዘው ያ ክፍል ነው። ከጋሸና ላሊበላ ባለው መንገድ ይሁን ሀረጎ ላይ፣ ልዩነት የለውም። ድንጋይ አድርጉና እርዳታ ጠብቁ።

ሾክ ብቀይርለት ከፍ አይልም?

አይልም። መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ ሾኩ መወዛወዙን ነው የሚያስቆመው። ግን ያለቀ ሾክ ባሌስትራውን ቶሎ ይገድለዋል፤ አንድ ጉድጓድ አንድ ጊዜ መለመጥ ሲገባው አምስት ጊዜ ይለመጣል። ባሌስትራ ከቀየራችሁ ሾኩንም አስፈትሹ።

የተቃጠለ ዘይት ልቀባው?

ልማዱ አለ። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፤ አቧራና ዘይት ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ቅጠሉን ይበላዋል። የጎማ ቡሺንጉንም ያለሰልሰዋል። ግራሶ መሙያ አፍ ያለው ማንጠልጠያ ከሆነ ግራሶውን በየጊዜው ስጡት፤ ሌላውን በውሃ ማጠብ ይበቃል። በተለይ ክረምት ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ። ቅጠሎቹ መሃል የገባ ጭቃ ሲደርቅ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ዝገቱም አብጦ ቅጠሎቹን ያለያያል።

አዲሱን ገጠምኩ፤ መኪናው በጣም ከፍ አለ፣ ደረቀም። ተሳስቼ ነው?

ላይሆን ይችላል። አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ይሰክናል። እስከዚያ ድረስ የፊት መብራቱን እዩ። ኋላው ከፍ ካለ መብራቱ መሬት ያያል፤ ፊቱ ከፍ ካለ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። ሲሰክንም እንደገና ያስተካክሉት። ካርዳኑ (ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ዘንግ) ከዚህ በፊት ያልነበረ ንዝረት ካመጣ ደግሞ የአክስሉ ማዕዘን ተቀይሯል፤ ይህ በራሱ አይሰክንም፣ ወደ ጋራዥ መመለስ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶም ባዶ እያለ የሚዘልል ከሆነ፣ ቅጠል በዝቶበታል።